በደንገል የተጻፈው ግጥም

ግጥም ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግጥም በማጭድ ሲቆረጥ መጀመሪያ ያየሁት ግን ሴት በማትረግጠው ደሴት ወደብ ላይ ነው፤ ከጀልባ ሳልወርድ ቁጭ ብዬ። ከዚያ ወዲህ ሕይወቴ በሌላ መንገድ ሄደ፤ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ነበርሁ። የሠርግ ጥሪ፣ የምርቃት መጽሔት፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ ምኑ ቅጡ፤ ሁሉም በእኔ ኮምፒውተር ያልፋል። ሙሽሮች ግጥም ይዘው ይመጡና «በልብ ቅርጽ አድርጊልን» ይሉኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ በቀለበት፣ በጽጌረዳ። እኔም እሠራላቸዋለሁ። የልቡ አንድ ጎን ጎድሎ ስንኙ አልሞላ ሲለኝ ከራሴ «የኔ ማር»፣ «የኔ ወለላ» እያልሁ እጠቀጥቅበታለሁ፤ ስንቱ ሙሽራ ያላለውን ተናግሮ አግብቷል። ሰው በግጥም ቅርጽ መጫወት የጀመረው ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በፊትማ በምን ይሠሩታል?

የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ አድማሱ ከይፋግ በታች ካለች መንደር ወጥቶ፣ በወጣትነቱ ጣና ላይ በአንድ ገዳም ቅኔ ሲማር የቆየ ሰው ነው። በኋላ ትምህርቱን ትቶ ከተማ ገባ፤ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ አግብቶ እኔን ወለደ፤ ጡረታ ወጣ። እናቴ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ቀረን። ስለ ተማሪነቱ ዘመን ብዙም አያወራም ነበር። እርጅናው የመርሳት በሽታ ይዞበት ሲመጣ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ የጧት ቁርሱን ረስቶ የዚያን ዘመን ወደብ፣ የዚያን ዘመን ነፋስ ያስታውስ ጀመር።

ከዚያ አንድ ስንኝ ያዘው።

«ከውኃው ላይ ቀረሽ፣ እናቴ፣ አፈር እንዳይነካ እግርሽ…»

እዚህ ይደርስና ይቆማል። ቀጥሎ ያለውን ይፈልጋል፤ አያገኘውም። እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ሁለት እጆቹን ጋቢው ላይ ዘርግቶ፣ ከሰፊ ወደ ጠባብ እየሰበሰበ «እንዲህ ነበር፤ እንዲህ ነበር እኮ» ይለኛል። ምግብ ሳቀርብለት ገፋ ያደርገዋል፤ ስንኙን ሳያገኝ መብላት የሚያሳፍር ይመስለዋል መሰለኝ። አንጀቴን በላው። ሐኪሙ በሽታው ወደ ኋላ እንደማይመለስ ነግሮኛል። የቀረውን ግጥም ፈልጌ ባመጣለት ያርፍ ይሆናል፤ ከዘገየሁ ግን ባመጣለትም የራሱ መሆኑን የሚያውቅበት ጊዜ ያልፋል። የሚያስፈራኝ ይኸ ነበር።

አንዳንዴ ማንም ወደሌለበት ጥግ ዞሮ «ወልደ ሰንበት፣ ይኸችን አሳጥራት» ብሎ ያዛል። ወልደ ሰንበት ማን እንደሆነ የሚያውቅ ዘመድ አጣሁ። በመጨረሻ የሰፈራችንን ቄስ ብጠይቃቸው፣ አባ ወልደ ሰንበት የሚባሉ መነኩሴ አባቴ በተማረበት ደሴት ዛሬም እንዳሉ ነገሩኝ። «ግን ልጄ፣ ሴት አይገባበትም» አሉኝ።

«ከጀልባ አልወርድም» አልኋቸው።

አባቴን ለጎረቤታችን ለእትዬ ጥሩወርቅ አደራ ሰጥቼ፣ በማለዳ ካፒቴን አያሌው ከሚባል ሰው ጋር በሞተር ጀልባ ወጣሁ። አያሌው ሐይቁ ላይ ያደገ፣ ቀልድ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው። «ጣና ጧት ጧት ጨዋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጠባዩ ይከፋል። ነፋስ ሳይነሣ እንመለስ» አለኝ። ስንደርስ ጀልባዋን ከደንገሉ፣ ታንኳ ከሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ አጠገብ አሰራትና እኔን ትቶኝ ሽቅብ ወደ ገዳሙ ወጣ። እኔ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀመጥሁ። የብሱ ከፊቴ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።

አያሌው ብቻውን ተመለሰ።

«ሱባዔ ገብተዋል። ሰው አያነጋግሩም አሉኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን ለማን ይነግሩታል? ሌላ ቀን እንመጣለን እንግዲህ።»

ሌላ ቀን። አባቴ ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጠይቆኛል፤ ለአያሌው ይኸን አልነገርሁትም። «ተመለስና አንድ ነገር ብቻ በልልኝ» አልሁትና ስንኙን ነገርሁት።

«ግጥም ነው የምነግራቸው?»

«አዎን።»

«እኔ እኮ እንኳን ግጥም፣ ሚስቴ ግዛ ያለችኝንም ረስቼ ነው የምገባ። እስቲ ድገሚልኝ።»

ደጋገምሁለት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የሞላ እንስራ እንደ ተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀ ወጣ። ከዛፎቹ ውስጥ ገብቶ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ብዙ ቆየ። ውኃው ቀስ በቀስ ይሸበሸብ ጀመር፤ ጀልባዋም ገመዷን ትስብ ጀመር።

በኋላ አያሌው ብቅ አለ። ከኋላው በግራ እጃቸው መቋሚያ፣ በቀኝ እጃቸው ማጭድ የያዙ ሽማግሌ መነኩሴ ይከተሉታል። ወደቡ ላይ ቆመው ትክ ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአድማሱ ልጅ ነኝ፣ አባ።»

ማጭዱን አስቀምጠው መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ራቅ ብለው ስለ ቆሙ ልሳለመው አልደርስበትም፤ እሳቸውም ወደ ጀልባዋ አይገቡም። ከቆሙበት በመስቀሉ ባረኩኝ።

«አለ?»

«አለ፣ አባ። ግን ግጥሙ ጠፋበት። የመጀመሪያውን ስንኝ ይዞ ቀርቷል። እህል አልበላም አለኝ።»

«አድማሱ ግጥም ጠፋበት» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ግዴለም። እኔ ይዤለታለሁ።»

ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ፈጥኜ ስልኬን አወጣሁ። «ይበሉ ይንገሩኝ፣ ልጻፈው።»

«ቃሉን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ግማሹን ጥለሽው ሄድሽ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥሁ። አባ ወልደ ሰንበት ጎንበስ ብለው ረጅም ደንገል ከሥሩ አጨዱና ጫፉን ገነጠሉ። አገዳውን በግራ ክንዳቸው ላይ አስተኙት። ከዚያ የመጀመሪያውን ስንኝ በዜማ ጀመሩ፤ ዜማው በተሳበ ቁጥር ቀኝ እጃቸው በአገዳው ላይ ይሄዳል። ስንኙ ሲያልቅ እጃቸው ቆመ፤ የቆመበት ላይ ማጭዱን አሳረፉ። አገዳውን ከውኃው ዳር፣ ከእኔ ፊት አጋደሙት። ሁለተኛውን አጨዱ፤ ሁለተኛውን ስንኝ አዜሙ፤ ስንኙ ስላጠረ አገዳውም አጠረ። ከመጀመሪያው በላይ፣ ትንሽ ወደ የብሱ ገባ አድርገው አጋደሙት። አያሌው ደንገል ያቀብላቸዋል። እኔ ስንት ዓመት ስንኝ ስጎትትና ስጠቀጥቅ የኖርሁት ሴትዮ አፌን ከፍቼ አያለሁ። እሳቸው ለቅርጽ ብለው ቃል አልጨመሩም፤ ቅርጹ ከራሱ ከስንኙ ትንፋሽ ነበር የሚወጣው። እንዲያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ግጥሙ ይኸ ነው፦

ከውኃው ላይ ቀረሽ፣ እናቴ፣ አፈር እንዳይነካ እግርሽ፣
ደንገል ቆርጬ፣ ደንገል ደርድሬ፣ ታንኳ ሠራሁልሽ፤
መቅዘፊያም የለው፣ ቀዛፊም የለው፣
ልጅሽ ነው ከዳር የሚስበው፤
ውኃው ሲያልቅ ያልፋል፣
አፈር ይቀዝፋል፤
ደረስሽ፤
ገባሽ።

የመጨረሻዋ አገዳ ከጣት ብዙ አትበልጥም ነበር። ከጀልባዋ ላይ ሆኜ ሳየው ከታች ሰፍቶ ከላይ ሾሏል። «የጎጆ ጣሪያ ነው» አልሁ፤ ግጥሙ ስለ ታንኳ መሆኑን እየሰማሁም ዓይኔ የለመደውን ነው ያየው።

አያሌው ሳቀብኝ። «የምን ጣሪያ? የታንኳ አፍንጫ ነው እንጂ። አሁን የተቀመጥሽባት ጀልባ ዝም ብላ ወደ የብስ ብትቀጥል እዚያ አይደል አፍንጫዋ የሚደርስ?»

እውነትም። ሰፊው ከእግሬ ሥር ይጀምርና ወደማልረግጠው መሬት እየጠበበ ይገባል።

«አያትሽ አሁን አንቺ ባለሽበት በኩል ነበረች» አሉ አባ ወልደ ሰንበት። «ልጇን ልታይ፣ በሶ አዝላ፣ ከማዶ በታንኳ መጣች። መውረድ አይቻላትም። ያን ቀን ነፋሱ ክፉ ነበር፤ ታንኳዋን ከዳር አላስጠጋ አለ፤ እሷ ትጮሃለች እኛ አንሰማትም፤ እሱ ይጮሃል እሷ አትሰማውም። ፊደልም አታውቅ። አድማሱ ቢቸግረው ማጭድ አምጣ አለኝ። እሱ ያዜማል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ረዘመ ሲለኝ አሳጥራለሁ።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች። ታንኳዋ ላይ ተነሥታ ቆመች። ታንኳ ላይ ቆሞ አይኬድም፤ ይገለብጣል። እሷ ግን ቆማ አየችው፤ እስክትጠግብ። ከዚያ ሄደች። በዚያው ክረምት ሞተች። እሱም ከእንግዲህ አልማርም ብሎ ወጣ።»

አባቴ ይኸን አንድም ቀን አልነገረኝም። እዚያው ጀልባዋ ላይ ተነሥቼ ቆምሁና ከቆምሁበት በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ነፋሱ እየበረታ ስለነበር አያሌው ቶሎ ገመዱን ፈታ።

ቤት ስደርስ አባቴ እንደዚያው ነው፤ ያችኑ ስንኝ ያላምጣል። ሌላ ሥራ ሳልነካ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥሁ። ፎቶውን አምኜ፣ ሰፊውን ከታች፣ ሹሉን ከላይ አድርጌ፣ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ግጥም አቀናበርሁ፤ በትልልቅ ፊደል፣ በጥሩ ወረቀት። እንደዚያ ተጨንቄ የሠራሁት ገጽ የለኝም። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጌ፣ በጣቴ እየመራሁ አነበብሁለት።

እስከ መጨረሻው በጨዋነት ሰማኝ።

«ደህና ግጥም ነው» አለ። «የማን ነው?»

ወጥቼ ጓሮ አለቀስሁ።

ሳለቅስ ቆይቼ፣ አባ ወልደ ሰንበት ቃሉ ግማሹ ነው ያሉኝ ትዝ አለኝ። የቀረው ግማሽ ወረቀት ላይ የሚገባ አልነበረም። ለአያሌው ደወልሁለት። በማግስቱ ጧት ደንገል በባጃጅ አምጥቶ ከበራችን ቆመ፤ አገዳው በግራና በቀኝ ወጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ምን ሊሠሩ ነው ብሎ ያያል። አንድ ባንድ እያዜምሁ ቆረጥሁ። ድምፄ እንደ መነኩሴው አያምርም፤ እጄ ግን መቆሚያውን ይዟል። ግቢያችን መሬት ላይ ልክ እንዳየሁት ደረደርሁትና አባቴን ደግፌ አውጥቼ፣ ወንበሩን ሰፊው ጫፍ ላይ፣ ጀልባዬ የነበረችበት ቦታ አስቀመጥሁለት።

አየው። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረ።

ተስፋ ቆርጬ አገዳውን ልሰበስብ አጎነበስሁ። አንዱን አንሥቼ እንደያዝሁ ነው የገባኝ። ያን ቀን አባቴ ታንኳው ውስጥ አልነበረም። እዚያ የተቀመጠችው እናቱ ናት፤ እኔ ነኝ። እሱ የብስ ላይ ነበር። ያየው ታንኳ ከሱ የሚሄድ ሳይሆን ወደ እሱ የሚመጣ ነው። የለፋሁበት ወረቀትም፣ ይኸ የደረደርሁት አገዳም ነገሩን በእናቱ ዓይን ነበር ያሳየው።

ያነሣሁትን አገዳ መለስሁ። ወንበሩን አዞርሁና ሹሉ ጫፍ ላይ፣ «ገባሽ» ከእግሩ ሥር እንድትሆን አድርጌ አስቀመጥሁት። እኔ ሄጄ ሰፊው ጫፍ ላይ ቆምሁ።

መጀመሪያ እጆቹ ተነሡ። ሰፊውን ለኩ፤ ጠበቡ፤ ጠበቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ስንኝ አለ፤ ሁለተኛውን አለ። ሦስተኛውን አለ። ማንም አላገዘውም። ድምፁ የሽማግሌ አልነበረም። ዓይኑን ከእኔ እግር ጀምሮ በአገዳው ላይ እየጎተተ ወደ ራሱ አመጣውና «ደረስሽ፤ ገባሽ» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ምነው ታዲያ ቆመሽ ቀረሽ? ነይ እንጂ። ውኃ አምጡላት፣ እግሯን ትታጠብ።»

ከእኔ በቀር የሚያመጣ አልነበረም። በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አመጣሁና ፊቱ ተቀመጥሁ። አባቴ ከወንበሩ ወርዶ፣ በዚያ በደከመ ጉልበቱ ተንበርክኮ እግሬን አጠበኝ፤ ጣቶቼን አንድ ባንድ፤ ከሩቅ መንገድ ለመጣ ሰው እንደሚደረገው። እኔ ስንዱ ነኝ፣ ልጅህ ነኝ ልለው አፌ ላይ መጣ። አላልሁትም። ያን ቀን የቀረበለትን ሁሉ በላ። ከዚያ ወዲህም የጠፋበትን ስንኝ መፈለግ አቆመ።

እናንተ ይኸን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ብትጠይቁኝ፣ ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርሁ ነው የምላችሁ። የግጥም ቅርጽ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ይመስለኝ አልነበር? ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በክንፍና በእንቁላል ቅርጽ ይገጥሙ ኖሯል። የሕንድ ባለቅኔዎች ስንኛቸውን በሎተስ አበባና በመንኮራኩር ውስጥ ያዞሩታል። የአይሁድ ጸሐፍት በደቃቅ ፊደል አንበሳ ሥለዋል፤ የላቲን መነኮሳት ግጥም በመስቀል ቅርጽ ሠርተዋል፤ የእስላም ጸሐፍት ፊደሉን ራሱን ወፍና መርከብ አድርገውታል። በኛም አገር ክታብ ላይ ፊደሉ ከዓይንና ከመስቀል ሥዕል ጋር እንዴት ተጣምሮ እንደሚሄድ ያየ ሰው፣ ነገሩ የውጭ ፋሽን ነው ሲባል ቢስቅ አይፈረድበትም። እኔ እነዚህን ሁሉ ሳይ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይኸን የሠራው ሰው ወደ ማን ሊደርስበት አስቦ ነው? ድምፁ የማይደርስለት ማን ነበረው? መልሱን የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። ግን ጠይቄ አልጠግብም።

ማተሚያ ቤቱንም ለቀቅሁ። ዛሬ ሐይቁ ዳር በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል የግጥም ቅርጽ አስተምራለሁ፤ ማጭድና ደንገል ይዘን እንወጣለን። አንድ ተማሪ ስንኝ አልሞላ ሲለው «የኔ ማር» ልጨምር ካለኝ በሩን አሳየዋለሁ።

አባቴ ሁለት ክረምት ቆይቶ አረፈ። ለአባ ወልደ ሰንበት በአያሌው በኩል መርዶ ላክሁላቸው። መምጣት አይችሉም፤ ጉልበታቸውም አይፈቅድ፣ ከደሴቱም አይወጡም። አያሌው ተመልሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ምን አሉ?» አልሁት።

«ማጭዱን ይዘው ወረዱ።»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ያው ወደብ ነው። ያው ደንገል፣ ስምንቱም አገዳ፣ በልካቸው ተቆርጠው ተጋድመዋል። የታንኳው አፍንጫ ግን ዞሮ ወደ ውኃው ነበር፤ የሚመጣ ሳይሆን የሚሄድ። እንዲያነብልኝ ማንንም አልጠየቅሁም።